የፖሊሲ ጉትጎታ

የፖሊሲ ጉትጎታ የሚባለው በአንድ የንግድ ወይም የምርት ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ሥራቸውን የሚነካ አዋጅ፣ ደንብ፣ መመሪያ ወይም የመንግሥት ዕቅድ እንዲወጣ፣ እንዲሻሻል ወይም እንዲሻር በይፋና በማስረጃ የሚያደርጉት ያላሰለሰ ጥረት ነው። በስብሰባ አዳራሾች ዛሬም አብዝቶ የሚሰማው «አድቮኬሲ» የሚለው የውጭ ቃል ሲሆን፣ በአማርኛ አንዳንዱ ውትወታ፣ አንዳንዱ ሙግት፣ ሌላው ማግባባት ይለዋል። ሙግት ፍርድ ቤትን ያስታውሳል፤ ውትወታም ማስረጃ የሌለው ልመና ሊመስል ይችላል። ጎትጓች ግን ሌላው እንዲወስን ደጋግሞ የሚያሳስብ እንጂ ራሱ የሚወስን አይደለም፤ ነገሩን አንድ ጊዜ ተናግሮም አይተወውም። ጉትጎታ የሚለው አቻ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። «ሎቢ» ከዚህ ሰፊ ሥራ ውስጥ አንዱ ክፍል ነው፤ በአንድ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ከሚወስኑት ባለሥልጣናት ወይም የምክር ቤት አባላት ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ማስረዳትን ይመለከታል።

ጉትጎታን ከደጅ ጥናት መለየት ያስፈልጋል። አንድ አስመጪ ጉምሩክ የያዘበትን ዕቃ ለማስለቀቅ ከቢሮ ቢሮ ቢመላለስ የራሱን ጉዳይ እያስፈጸመ ነው። እሱና መሰሎቹ ተሰብስበው ዕቃው የተያዘበት የዋጋ አተማመን ሥርዓት እንዲስተካከል ጥናት አስጠንተው ለሚመለከተው ሚኒስቴር ቢያቀርቡ ግን ጉትጎታ ውስጥ ገብተዋል። የመጀመሪያው ጥረት ከተሳካ የሚለቀቀው የአንድ ሰው ኮንቴይነር ነው። ሁለተኛው ከተሳካ ተጠቃሚው ያ አስመጪ ብቻ ሳይሆን ተፎካካሪውም፣ የማኅበሩን መዋጮ አንድም ቀን ያልከፈለውም ነው። የንግድ ማኅበራት ትልቁ ውስጣዊ ችግርም ከዚህ ይመነጫል፤ ውጤቱ የሁሉም ከሆነ «እኔ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አባል አይጠፋም። በገንዘብ የደከመ ማኅበር ደግሞ ጥናት ማሠራት፣ የሕግ ባለሙያ መቅጠር፣ ረቂቅ አዋጅን አንቀጽ በአንቀጽ መመርመር ይሳነዋል። ይህ ሲሆን ትልልቆቹ ነጋዴዎች ወደ ደጅ ጥናቱ ይመለሳሉ፤ ትንንሾቹ ዝም ይላሉ።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ሕጋዊ መሠረት የተጣለው በ1939 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት ሲቋቋም ነው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችና ትልልቅ ፋብሪካዎች ከተወረሱ በኋላ የግሉ ባለሀብት ድምፅ ጠበበ። ደርግ ምክር ቤቶቹን በአዋጅ ቁጥር 148 እንደገና ቢያደራጃቸውም፣ የኢኮኖሚውን አቅጣጫ ማዕከላዊ ዕቅድ በሚወስንበት ዘመን ነጋዴው ስለ ፖሊሲ የሚናገርበት ቦታ እምብዛም አልነበረም። ከደርግ በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 341/1995 የንግድ ምክር ቤቶችንና የዘርፍ ማኅበራትን በአንድ ጥላ ሥር አምጥቶ ከከተማ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ መዋቅር ዘረጋላቸው። በንግዱ ማኅበረሰብና በመንግሥት መካከል ድልድይ የመሆን ኃላፊነትም ሰጣቸው። በላይኛው እርከን ላይ የኢትዮጵያ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ይገኛል።

ድልድዩ በቋሚነት ሰው እንዲመላለስበት የታሰበው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት አገር አቀፉ ምክር ቤትና የንግድ ጉዳይን የሚመራው ሚኒስቴር የመግባቢያ ሰነድ ፈርመው የመንግሥትና የግሉ ዘርፍ የምክክር መድረክን አቋቋሙ። አሠራሩ እርከን ነበረው። በክልልና በዘርፍ መድረኮች ያልተፈታ ጥያቄ ወደ ፌዴራል መድረክ ያድጋል፤ እዚያም ካልተፈታ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሚመሩት አገር አቀፍ ጉባኤ ይደርሳል። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነጋዴው ባለሥልጣን ሲጠራው ብቻ ከመምጣት ወጥቶ የራሱን አጀንዳ ይዞ እንዲቀርብ ያስችላል። ሆኖም በመግባቢያ ሰነድ ላይ የቆመ መድረክ በመንግሥት በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሚኒስትር ሲቀየር ቀጠሮው ይረሳል፤ ስብሰባው ቢዘገይ የሚጠየቅ የለም።

የአገሪቱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ንግግር በአብዛኛው የሚካሄደው በአዲስ አበባ መካከል፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማና በአካባቢው ነው። የንግድ ምክር ቤቱ ሕንፃ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ የንግድ ትርኢቶች የሚካሄዱበት ኤግዚቢሽን ማዕከል መስቀል አደባባይ ነው። ካዛንቺስ ጫፍ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛሉ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሦስተኛው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ለልማት ጉባኤ የተካሄደውም በዚህችው ከተማ ነው። ሂልተን፣ ራዲሰን ብሉ፣ ኢሊሊና ጁፒተር ሆቴሎች ደግሞ የረቂቅ አዋጅ ውይይቶችና የዘርፍ ምክክሮች የሚካሄዱባቸው አዳራሾች ናቸው። የእነዚህ ስብሰባዎች ሥርዓት ተመሳሳይ ነው። ሚኒስትር ወይም ሚኒስትር ዴኤታ ይከፍታል፤ አጥኚ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ከዚያ ማይክራፎኑ ወደ ነጋዴዎቹ ይዞራል። በዚህ ሰዓት ጉትጎታውና የግል ብሶቱ ይቀላቀላሉ። አንዱ ስለ ዘርፉ ሲናገር ሌላው በወረዳው የገጠመውን ያወራል፤ መድረክ መሪውም «አጠር አድርጉልን» ይላል። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚነገረው በሻይ ሰዓት፣ ኃላፊው ከአዳራሹ ወጣ ሲል ነው። ለማኅበራቱ ጥንካሬ የሚያስብ ሰው ሊያሳስበው የሚገባውም ይኸው ነው፤ በሻይ ሰዓት የተባለ ቃል በቃለ ጉባኤ አይሰፍርም።

ቃለ ጉባኤ ላይ የሚሰፍር ጉትጎታ ምን እንደሚመስል የ27 በመቶው ቦንድ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2003 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ መሠረት እያንዳንዱ የግል ባንክ ከሚሰጠው አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚሆን ገንዘብ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዛ ተገደደ። የመንግሥቱ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ግዴታው አልነበረበትም። ሰነዱ አምስት ዓመት የሚቆይ፣ 3 በመቶ ወለድ የሚከፍል ነበር፤ ገንዘቡ በልማት ባንክ በኩል ቅድሚያ ለተሰጣቸው የረጅም ጊዜ ፕሮጀክቶች ይሄዳል። በዚያው ወቅት ባንኮቹ ለቆጣቢ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 5 በመቶ ነበር። ስለዚህ አንድ ባንክ 1,000,000 ብር ቢያበድር 270,000 ብር ለሰነዱ ያውላል። ለዚህ ገንዘብ ለቆጣቢዎች በዓመት 13,500 ብር ይከፍላል፣ ከሰነዱ 8,100 ብር ያገኛል፤ ልዩነቱ 5,400 ብር ኪሳራ ነው። ባንኩ ይህን ጉድለት ለመሸፈን ከተበዳሪው ላይ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የባንኮች ብቻ ሳይሆን የዳቦ ቤትና የጋራዥ ባለቤቶችም ነበር።

እንዲህ ያለ ስሌት የጉትጎታ ልብ ነው። «መመሪያው ጎዳን» ማለት ብሶት ነው፤ ማን፣ በስንት፣ በምን መንገድ እንደሚጎዳ፣ መንግሥት የፈለገውን ግብ በሌላ ምን መንገድ ሊያገኝ እንደሚችል በጽሑፍ ማሳየት ግን ሰሚው መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ይህ ጽሑፍ የአቋም ሰነድ ይባላል። ጥሩ የአቋም ሰነድ የመንግሥትን ጭንቀትም ያውቃል። ለመንገድና ለኃይል ማመንጫ ረጅም ብድር ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ቦንዱ ይቅር ብቻ ቢል፣ ከባለሥልጣኑ ጠረጴዛ አያልፍም።

መመሪያው በኅዳር 2012 ዓ.ም. ተነሣ። የግል ባንኮች ለስምንት ዓመት ያህል ሲያማርሩበት ኖረዋል፤ የዓለም ባንክና ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም ተችተውታል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የገንዘብ ድርጅቱ መንግሥት ለጀመረው «አገር በቀል» የኢኮኖሚ ማሻሻያ ድጋፍ የሚሆን ብድር አጸደቀ። ታዲያ መመሪያውን ያነሣው የባንኮቹ ጉትጎታ ነው ወይስ የአበዳሪው ግፊት? አንዱን ብቻ መርጦ መመለስ አይቻልም፤ በጉትጎታ ጥናት ውስጥ እጅግ አስቸጋሪው ነገርም ውጤትን ለአንድ ምክንያት መስጠት ነው። ጉትጎታ ያስገኘው ውጤት ደግሞ በሌላ መልክ ሊመለስ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ባንኮች ከአዲስ ብድራቸው 20 በመቶ የግምጃ ቤት ቦንድ እንዲገዙ ሌላ መመሪያ ወጣ።

የአበባ ልማት ታሪክ ከዚህ የቀለለ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ጥቂት አምራቾች ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር ከመንግሥት ከፍተኛ ኃላፊዎች ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ የመሬት፣ የአየር ጭነትና የብድር ጥያቄዎቹን አቀረበ። ልማት ባንክ ለእርሻዎቹ 70 በመቶ ብድር፣ ባለሀብቱ 30 በመቶ መነሻ የሚያወጡበት ሥርዓት ዘርፉን በጥቂት ዓመታት አሳደገው። ማኅበሩም በበኩሉ የኬሚካል አጠቃቀምንና የሠራተኛ አያያዝን የሚመለከት የአሠራር ደንብ አወጣ። መንግሥት የውጭ ምንዛሪ ይፈልግ ነበር፣ አበባ አምራቾቹም ሊያስገኙለት ይችሉ ነበር፤ ፍላጎቶቹ ስለተገጣጠሙ ጉትጎታው ፈጥኖ ሰሚ አገኘ።

ጎትጓቹ የሚገባባቸው በሮች እንደ ሕጉ ዓይነት ይለያያሉ። አዋጅ ከሚኒስቴር ረቂቅ ተነሥቶ በሚኒስትሮች ምክር ቤት አልፎ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይደርሳል፤ በቋሚ ኮሚቴው የሚዘጋጀው ይፋዊ ውይይት ሁሉም የሚያውቀው በር ነው። ግን እዚያ ሲደርስ ረቂቁ ጠንክሯል፤ ልምድ ያላቸው ማኅበራት ባለሙያው ገና የመጀመሪያውን ገጽ ሲጽፍ ይገኛሉ። የነጋዴውን የዕለት ኑሮ አብዝቶ የሚነካው ግን መመሪያ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ለረጅም ዘመን ሳይታሰብ የሚወጣ ነገር ነበር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ይህን ለመለወጥ የአስተዳደር ተቋማት ረቂቅ መመሪያቸውን ይፋ አድርገው ከ15 የሥራ ቀናት ላላነሰ ጊዜ አስተያየት እንዲቀበሉ ደነገገ። በጽሑፍ የተሰጠ አስተያየት በሻይ ሰዓት ከተነገረ ቃል የሚለየው ኋላ ማስረጃ ስለሚሆን ነው። ማኅበራት ይህን በር ገና በሚገባው አልተጠቀሙበትም።

ከመድረኩ ውጭ የሚቀሩት እጅግ ብዙ ናቸው። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ግብር የሚሰላበት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር የማይበልጥ የደረጃ «ሐ» ነጋዴዎች ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ተቃወሙ፤ እንደ አምቦ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ቅሬታ ያለው ሁሉ በየወረዳው ተሰልፎ የየራሱን ቁጥር ተከራከረ። የግምቱ ዘዴ እንዴት መሆን አለበት የሚለውን ጥያቄ ግን ሁሉንም ወክሎ በሰነድ የሚያቀርብላቸው ጠንካራ ማኅበር አልነበራቸውም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስም ከነዋሪው ጋር ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ተነሥቷል። የካሳና የምትክ ቦታ ሕግ አገር አቀፍ ፖሊሲ ነው፤ ባለሱቁ ግን ብዙውን ጊዜ ጥያቄውን ይዞ የሚሄደው ብቻውን፣ ወደ ወረዳ ነው። ስለ ኢኮኖሚ የሚመከርባቸው ታላላቅ አዳራሾች ከዚያ ሱቅ በእግር የሚደረስባቸው ነበሩ።

ኬንያ በዚህ ረገድ የተሻለ ልምድ አላት። በ1995/96 ዓ.ም. የተመሠረተው የኬንያ የግሉ ዘርፍ ጥምረት ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር የጥቃቅን ነጋዴዎች ማኅበራትንም በአባልነት ይዟል፤ ከፕሬዚዳንቱ ጋር የሚቀመጥበትና ከየሚኒስቴሮቹ ጋር የሚመክርበት ጠረጴዛም አለው። አሜሪካ በበኩሏ በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለክፍያ የሚያግባቡ ሰዎች ተመዝግበው ለማን እንደሚሠሩና ስንት እንደሚከፈላቸው እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ምዝገባ ስለሌለ፣ ስለ አንድ ረቂቅ ማን ከማን ጋር እንደተነጋገረ የሚታወቀው ማኅበሩ ወይም ሚኒስቴሩ ራሱ ይፋ ሲያደርገው ነው።