«ላክ»፦ አንድ ስም፣ ሦስት ቅብ

ለምርጥ የእንጨት ዕቃ ማስጌጫ ከሚውሉት ቅቦች ሁሉ «ላክ» የተባለውን ያህል ተርጓሚን የሚያሳስት ስም አላገኘንም። ቃሉ «ላክሻ» ከሚለው የሳንስክሪት ቃል የመጣ ሲሆን፣ በጥንት ጊዜ ያመለክት የነበረው በህንድና በአካባቢዋ ጥቃቅን ተባዮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚያመነጩትን ሙጫ ነው። ይኸው ሙጫ ተጣርቶ ሼላክ ይባላል፤ የሚሟሟውም በአልኮል ነው።

አውሮፓውያን ኋላ የቻይናንና የጃፓንን አብረቅራቂ ዕቃ ባዩ ጊዜ ለዚያም ቅብ ይህንኑ ስም ሰጡት። የሩቅ ምሥራቁ ግን ከቆሰለ የዛፍ ግንድ የሚፈስ ሲሆን፣ የሚጠነክረው እርጥበት ባለው አየር ነው። በ1688 እ.ኤ.አ. ስታልከርና ፓርከር በእንግሊዝ አገር ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የጃፓኑን ቅብ በአልኮል በሟሟ ሙጫ አስመስሎ መሥራትን አስተማሩ፤ መደናገሩም በዚሁ ጸና። በ20ኛው ምዕተ ዓመት ከናይትሮሴሉሎስ የተሠራው ቅብ ሦስተኛው የስም ወራሽ ሆነ።

ጉዳዩ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ሼላክ የተቀባ ጥንታዊ ጠረጴዛ በአልኮል ቢወለወል ቅቡ ይለቃል። ስለዚህ «ሼላክ»፣ «የዛፍ ላክ» እና «የናይትሮሴሉሎስ ላክ» ተብለው እንዲለዩ ሐሳብ እናቀርባለን፤ ተርጓሚም ከስሙ አስቀድሞ ምንጩን ይጠይቅ።