ፋፋ፣ ጎተራና የእንቁላል ገንዘብ

ባለፈው ወር የቁጠባ መዝገባችንን ስዘጋ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ግን ስለ ፋፋ ላውጋችሁ።

«ልጁ ፋፋ» ስንል ሰውነቱ ዳበረ፣ ወዙ ወጣ ማለታችን ነው። ለዱቄቱ ስሙን ያወጡለት ሰዎች አስበውበታል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1950ዎቹ፣ ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ሲያቋቁሙ ነው። ክፍሉ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ጥያቄያቸው የእናት ጡት ብቻውን የማይበቃው ልጅ ምን ይብላ የሚል ነበር። በየቤቱ የሚቀርብለት ቀጭን አጥሚት ወይም በወጥ የራሰ እንጀራ ነው። ትንሽ ሆድ በውኃ ቶሎ ይሞላል፣ ልጁም ጠገበ ይባላል። ለዚህ መልስ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተደባልቀው ፋፋ ተሠራ። እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬው ይሞላዋል።

ፋፋ ግን በብር የሚገዛ ነው። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በእርዳታ ቢታደልም፣ በደኅናው ዘመን ደጋ ላለች ገበሬ ሴት ሩቅ ነበር። የሚገርመው ስንዴውም ሽምብራውም ከእኛው ማሳ የሚወጣ መሆኑ ነው።

ጎጃም የጤፍና የስንዴ አገር ነው፣ ጎተራው ሙሉ ነው እንላለን። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ግን በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባቸው ቁመት አልነበራቸውም። የአገሪቱ አማካይ 38 ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2007፣ መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ገብቷል። የቀረው ጊዜ አጭር ነው።

ምክንያቱ እህል ማጣት ብቻ አይደለም። ሕፃን ጾም ባይገደድም፣ በጾም ወቅት ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለእሱም እንቁላልና ቅቤ ይቀራል። ከጾም ውጭ ደግሞ እንቁላሉ ገበያ ይወጣል። እኔም የገጠር ልጅ ነኝ፤ ደብተሬ የተገዛው በእናቴ የእንቁላል ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ የምፈርድበት ሰው የለም።

መዝገቡ ላይ ያየሁት ይህን ነው። ከገጠር አባሎቻችን ሳምንታዊ ቁጠባ አብዛኛው «የእንቁላል ሽያጭ» ተብሎ የተመዘገበ ነው። ዓመታት ሙሉ ገቢ ብዬ ስጽፍ፣ ስብሰባ ላይም ቁጠባችን አደገ እያልሁ ሳስጨበጭብ፣ ያ እንቁላል ከማን አፍ እንደቀረ አልጠየቅሁም። ለለጋሾቻችን የላክሁት ሪፖርትም ስለዚህ ምንም አይልም።

ለመጪው ጉባኤ ያቀረብሁት ሐሳብ ትንሽ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያላት አባል የሳምንት መዋጮዋ በግማሽ ይቀነስ፣ የብድር መብቷ ግን እንዳለ ይቆይ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፣ ሣጥናችን ይችለዋል። አንዳንድ እናቶች «ሌሎቻችንስ?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ቁጥሮቹን ይዤ እመጣለሁ።