ከባና እስከ ክብደታም ብርድ ልብስ፦ ልጅን የሚያስተኛው ክብደት ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ ማታ ማታ "አልተኛም" ብሎ ቤቱን የሚያምስ ትንሽ ወንድም ወይም እህት አላችሁ? አያት ካለች "ብርድ ይሆናል፤ ደህና አድርጋችሁ ደርቡለት" ማለቷ አይቀርም። ስልካችሁን ስትከፍቱ ደግሞ ሌላ ምክር ይመጣል፦ "ክብደታም ብርድ ልብስ ግዙለት"። ይሄኛው ሆን ተብሎ እንዲከብድ በውስጡ ጥቃቅን የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ጠጠሮች የተሰፉበት ብርድ ልብስ ነው።

ሁለቱ ምክሮች ሲሰሙ ይመሳሰላሉ። ታሪካቸው ግን ለየቅል ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ የሕፃን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ባና ለምን ከበደ?

ከሐራ እንነሳ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣው የባቡር መስመር የሚያበቃባት ሐራ ሞቃት ናት፤ ማታ ጋቢ ከተገኘ ይበቃል። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ደላንታና መቄት ደጋ ስትወጡ ግን ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የወሎም ሆነ የመንዝ ደገኛ በጉን ይሸልታል፣ ጠጉሩን ይነድፋል፣ ይፈትላል፤ ሸማኔው ደግሞ ባናና ዝተት ይሠራበታል። ባና ለብሳችሁ የምታውቁ ክብደቱን ታስታውሳላችሁ።

ታዲያ ሙቀቱ የሚመጣው ከክብደቱ ነው? አይደለም! የሚያሞቀን በጠጉሩ መሐል ተይዞ የሚቀረው አየር ነው። አየር ሙቀትን ቶሎ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የሰውነታችን ሙቀት ሳይሸሽ ይቆያል። ጋቢ አራት ድርብ የሆነውም ለዚሁ ነው፤ በየድርቡ መሐል አየር ይያዛል። ብዙ አየር ለመያዝ ብዙ ጠጉር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጠጉር ደግሞ ይከብዳል። በሌላ አነጋገር፣ ክብደቱ ለሙቀቱ የተከፈለ ዋጋ ነው እንጂ ሸማኔው ፈልጎ የጨመረው ነገር አይደለም።

ከከብት ማቆሚያ የተነሳ ሐሳብ

ክብደቱን ራሱን ለመድኃኒትነት የፈለጉት ሌሎች ናቸው። ቴምፕል ግራንዲን የምትባል ኦቲዝም ያለባት አሜሪካዊት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሪዞና ውስጥ አክስቷ የከብት እርባታ ቦታ ነበረች። ከብቶቹ ክትባት ሲወጉ ግራና ቀኝ ጫን አድርጎ የሚይዝ ማቆሚያ ውስጥ ይገባሉ። አንዳንዶቹ ሲያዙ እንደሚረጋጉ አየች። እሷም በጭንቀት ትሠቃይ ስለነበር ለራሷ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠራች፤ በኋላ የከብት ሳይንስ ምሁር ሆና እ.ኤ.አ. በ1992 ስለዚሁ ጽሑፍ አሳተመች።

ጂን ኤርስ የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ባለሙያ ደግሞ አንጎል መዳሰስንና ሚዛን መጠበቅን እንዴት እንደሚያቀናጅ እያጠናች ነበር፤ መጽሐፏ በ1972 ወጣ። ከእነዚህ ሐሳቦች ተነስተው የሕክምና ባለሙያዎች ከባድ ሰደርያና ብርድ ልብስ መጠቀም ጀመሩ። ቀጥሎ ንግዱ ገባበት፤ በ2017 አንድ አምራች ገና ምርቱን ሳያደርስ በኢንተርኔት ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ።

ሲፈተንስ?

እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ኦቲዝምና ከባድ የእንቅልፍ ችግር ያለባቸው 67 ልጆች ተሳትፈዋል። እያንዳንዱ ልጅ ለተወሰኑ ቀናት በክብደታም፣ ለተወሰኑ ቀናት ደግሞ ተራ ክብደት ባለው ብርድ ልብስ ተኛ፤ እንቅልፉም በመሣሪያ ተለካ። ውጤቱ? ክብደታሙ ልጆቹን ረዘም ላለ ሰዓት አላስተኛም። የሚገርመው ግን ልጆቹም ወላጆቹም ክብደታሙን ወደዱት! አያችሁ፣ አንድን ነገር መውደድና በእርሱ መተኛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባይለካ ኖሮ ማን ይለያቸው ነበር?

በ2020 ስዊድን ውስጥ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው 120 አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ ነገሩ ጨርሶ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ብቻ አዋቂ ሰው ሲከብደው አንስቶ ይጥለዋል። ሕፃንስ?

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሕፃን ሲተነፍስ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጡንቻው ደካማ ስለሆነ የተጫነበትን ገፍቶ መጣል አይችልም። ከሞቀውም ገልጦ መውጣት አይችልም። በካናዳ ኩቤክ እ.ኤ.አ. በ2008 የ9 ዓመት ልጅ እንኳ ትምህርት ቤት ውስጥ በክብደታም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሳለ ሞቷል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2022 ባወጣው መመሪያ ክብደት የተጨመረበት ብርድ ልብስ በተኛ ሕፃን ላይም ሆነ አጠገቡ እንዳይደረግ አሳስቧል።

የአንቀልባው ምስጢር

እንግዲያው ምን እናድርግ? መልሱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊሆን ይችላል። እናቶቻችን ልጅ ሲያለቅስ አይጭኑበትም፤ አንስተው በአንቀልባ ያዝሉታል፣ እሹሩሩ እያሉ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት እናት ልጇን ይዛ ስትራመድ ለቅሶው እንደሚቀንስና የልብ ምቱ ረገብ እንደሚል አሳዩ። በ2022 ደግሞ በ21 ሕፃናት ላይ ሞክረው ተግባራዊ ምክር ሰጡ፦ የሚያለቅሰውን ሕፃን ይዞ 5 ደቂቃ መራመድ፤ ከተኛ በኋላ ቶሎ ሳያስቀምጡ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማቀፍ፤ ከዚያ ቀስ አድርጎ ማስተኛት።

ልዩነቱ ገባችሁ? አንቀልባ ላይ ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ተጣብቋል እንጂ ምንም አልተጫነበትም። ትንፋሹን ጀርባዋ ላይ ትሰማዋለች፤ ካመመውም ቶሎ ታውቃለች። ብርድ ልብስ ግን አይሰማም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ትንሹ አልተኛም ካለ፣ አንሱትና ተራመዱ። ሲተኛ በጀርባው አጋድሙት፤ ፊቱን አትሸፍኑ፤ እንደ ሐራ ባለ ሞቃት ቦታ ስስ ልብስ ይበቃዋል። ከፍ ያለና ኦቲዝም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ስለ ክብደታሙ ብርድ ልብስ መጀመሪያ ባለሙያ ጠይቁ፤ ልጁ ራሱ ገፎ መጣል መቻሉንም አረጋግጡ። አያት "ደርቡለት" ካለችስ? በአክብሮት "እማ፣ ልዘለው" በሏት። እሷም አባቶቻችሁን ያሳደገችው እንደዚያው ነው፤ ደስ ይላታል።