ለትምህርት ወደ ስፔን ለሚሄዱ፡ ከአስኮ ሳይነሱ ማለቅ ያለበት ጉዳይ

ለብዙዎቻችን ስፔን ማለት ሩጫና እግር ኳስ ናት። ባርሴሎና ሲባል ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በ10 ሺሕ ሜትር ያመጣችው የኦሊምፒክ ወርቅ ይታወሰናል። ቫሌንሺያ ደግሞ ለተሰንበት ግደይ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ያሻሻለችበት ከተማ ነው። እነዚሁ ከተሞች የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሏቸው ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክቱባቸው ልጆቻችንም አሉ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት አስኮ ሲሆን፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በደቡብ ስፔን በግራናዳ ከተማ ነው። በዚህ የተነሳ የሰፈራችን ልጆች የቅበላ ደብዳቤ በደረሳቸው ቁጥር፣ አንዳንዴም ከወላጆቻቸው ጋር፣ ምክር ፍለጋ ይመጣሉ። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ስለ ብርዱ፣ ስለ ምግቡና ስለ ቋንቋው ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከወረቀቱ ነው። ተማሪውን ስፔን ውስጥ የሚያንገላታው አብዛኛው ችግር የሚፈጠረው እዚሁ አዲስ አበባ ነውና።

ስምና የልደት ቀን

ስፔናዊ ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባት፣ ሌላው ከእናት የሚወረስ። ቅጾቻቸውም መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ አንደኛና ሁለተኛ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ። በብዙዎቻችን ፓስፖርት ላይ ግን የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ ይጻፋሉ። አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ተማሪ አንድ ቦታ ‹‹ከበደ››ን፣ ሌላ ቦታ ‹‹ተሰማ››ን የቤተሰብ ስሜ ነው ብሎ ከሞላ፣ ለዩኒቨርሲቲውና ለባንኩ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይሆናል። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን ቅደም ተከተል ሳይለውጡ በሁሉም ቅጽ ላይ መድገም ነው። ሁለተኛው የቤተሰብ ስም ቦታ ባዶ ይተዋል።

የላቲን ፊደል አጻጻፉም እንዲሁ ነው። በዲግሪው፣ በትራንስክሪፕቱና በፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም በአንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ፣ ከመጓዝ በፊት ማስተካከል ወይም የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ማውጣት ይሻላል።

ወጪውን የሚሸፍነው አባት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። የአበበ የቤተሰብ ስም ተሰማ ሲሆን፣ የአባቱ የከበደ ተሰማ በቀለ የቤተሰብ ስም በቀለ ነው። ይህንን ለሚያይ የውጭ አገር ሰው ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ከወረዳው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የወጣ የልደት የምስክር ወረቀት የግድ ያስፈልጋል።

የልደት ቀንም በጥንቃቄ ይቀየር። ኅዳር 10 ቀን 1994 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነሱ አቆጣጠር የተወለደው ኖቬምበር 19 ቀን 2001 ነው፤ ጥር 10 ቀን 1994 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 18 ቀን 2002 ይሆናል። በግምት ስምንት ዓመት የሚደምር ሰው ሁለት የልደት ቀን ይዞ ይጓዛል።

የትምህርቱ ዓይነት

ከማመልከት በፊት ትምህርቱ በመንግሥት ዕውቅና ያለው ‹‹ማስተር ኦፊሲያል›› ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ስም ብቻ የሚሰጠው ‹‹ቲቱሎ ፕሮፒዮ›› የሚለውን አጣሩ። ሁለተኛው አንዳንዴ ከመጀመሪያው ይበልጥ ውድ ነው፤ ወደ ዶክትሬት ግን አያሸጋግርም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ለማስተርስ ለመቀበል ዲግሪው በስፔን መንግሥት እንዲመዘን አይገደድም፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ደረጃውን አይቶ ሊቀበለው ይችላል። የእነሱ ውጤት ከ10 ስለሚቆጠርና ማለፊያው 5 ስለሆነ፣ ከ4 የሚሰላው የእኛ ውጤት እንዴት እንደሚቀየር መጠየቅም ተገቢ ነው።

ክፍያው ከክልል ክልል ይለያያል። ግራናዳና ሴቪያ በሚገኙበት በአንዳሉሲያ ክልል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ከማድሪድና ከባርሴሎና በብዙ ይቀንሳል፤ የቤት ኪራዩም እንዲሁ። ስኮላርሺፕ ለሚፈልጉ ዋናው በር ኤራስመስ ሙንዱስ ሲሆን፣ በወር 1 ሺሕ 400 ዩሮ ይሰጣል። የጉዞና የቪዛ ወጪ ግን ከዚሁ ገንዘብ ላይ ነው የሚሸፈነው። ለሴቶች ደግሞ ‹‹ሙሄሬስ ፖር አፍሪካ›› የተባለው የስፔን ፋውንዴሽን ‹‹ለርን አፍሪካ›› በሚል ፕሮግራሙ አፍሪካውያን ተማሪዎችን በስፔን ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራል።

ቪዛና ሰነዶች

የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ በጣለ ጊዜ ብዙ ተማሪ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ምላሹን ከ15 ወደ 45 ቀን ያራዘመው ያ ውሳኔ ግን የአጭር ጊዜ ጉብኝት ቪዛን የሚመለከት ነበር። የረጅም ጊዜ የተማሪ ቪዛ በስፔን ሕግ የሚሰጥ ሌላ ጉዳይ ነው።

ከስድስት ወር በላይ ለሚቆይ ትምህርት የቅበላ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃ፣ የጤና ኢንሹራንስ፣ የሕክምና ማስረጃ እና በተለምዶ ‹‹አሻራ›› የምንለው ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጽ የፌዴራል ፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። የሕክምና ማስረጃው ‹‹ጤነኛ ነው›› ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መጥቀስ አለበት። ስለዚህ የሚፈለገውን አጻጻፍ አትሙና ለሐኪሙ ይዛችሁ ሂዱ። ኢንሹራንሱም በስፔን ለመሥራት ፈቃድ ካለው ድርጅት የተገዛና ሙሉ ሽፋን የሚሰጥ ይሁን፤ ተራ የጉዞ ኢንሹራንስ አያገለግልም።

ሰነዶች በውልና ማስረጃ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በኤምባሲው በኩል ያልፋሉ፤ ወደ ስፓኒሽ የሚተረጎሙትም ትርጉማቸው ተቀባይነት ባለው ተርጓሚ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ከአስኮ ወደ መሀል ከተማ ብዙ ምልልስ ያስከትላል። ማመልከቻው ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መግባት ስላለበት፣ በሴፕቴምበር ለሚጀመር ትምህርት ወረቀት ማሰባሰብ የሚጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው።

ገንዘብ

የስፔን መንግሥት ተማሪው ለመኖሪያ የሚያሳየውን ገንዘብ የሚለካው ‹‹ኢፕሬም›› በተባለ መለኪያ ነው። ይህ በ2023 እ.ኤ.አ. በወር 600 ዩሮ ሆኖ ተወስኗል፤ በዓመት 7 ሺሕ 200 ዩሮ ማለት ነው። ይህ ለቪዛ የሚበቃ እንጂ በማድሪድና በባርሴሎና ተረጋግቶ የሚያኖር ገንዘብ አይደለም። በነዚያ ከተሞች የአንድ ክፍል ኪራይ ብቻ ግማሹንና ከዚያም በላይ ይወስዳል።

ቤተሰብ በብር አስቦ በዩሮ እንደሚከፍል አይዘንጋ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ዓመት ልጆቻቸውን በራሳቸው ወጪ ያስተምሩ የነበሩ ወላጆች በአንድ ወቅት ዕቅዳቸው ሁሉ ተናግቷል። ስለዚህ በጀታችሁን በዩሮ ሥሩ፤ የሁለት ወር መጠባበቂያም ጨምሩበት።

ሥራ ሠርቼ እሞላዋለሁ የሚል ሐሳብ በልክ ይሁን። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ደንብ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ በሳምንት እስከ 30 ሰዓት መሥራት ይችላል። ሆኖም ስፓኒሽ የማይናገር ሰው በመጀመሪያው መንፈቅ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ኪራይ ባይዋዋል ይመረጣል።

ቤት ኪራይ

እጅግ የማሳስበው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የሰፈራችን ልጅ ገና አዲስ አበባ ሳለች በኢንተርኔት ያየችውን ክፍል ለመያዝ፣ እናቷ ከእቁብ ያወጣችውን ገንዘብ ላከች። ስትደርስ አድራሻው ላይ የሚኖሩት ሰዎች ስለ ኪራዩ ሰምተው አያውቁም። ‹‹ባለቤቱ›› ስልኩን አጥፍቷል።

ክፍሉን ሳያዩ ቀብድ አይላክም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ወይም በርካሽ የእንግዳ ማረፊያ አርፎ፣ በአካል አይቶ መከራየት ነው የሚያዋጣው። ለመኖሪያ ቤት ሕጉ የሚያስቀምጠው መያዣ የአንድ ወር ኪራይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ‹‹በዚህ አድራሻ በማዘጋጃ ቤት መመዝገብ እችላለሁ?›› ብላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ሌላ ቤት ፈልጉ።

የመጀመሪያው ወር

ምዝገባው ‹‹ኤምፓድሮናሚየንቶ›› ይባላል፤ እኛ አገር የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት እንደመመዝገብ ያለ ነው። ቀጥሎ በገባችሁ በአንድ ወር ውስጥ ‹‹ቲዬ›› ለሚባለው የውጭ ዜጋ መታወቂያ ማመልከትና ለፖሊስ አሻራ መስጠት ይጠበቅባችኋል። ቀጠሮ የሚያዘው በኢንተርኔት ሲሆን፣ በማድሪድና በባርሴሎና በቀላሉ አይገኝም። በነፃ የሚሰጠውን ቀጠሮ የሚሸጡ ደላሎች ስላሉ ራቋቸው፤ ጠዋት ጠዋት ራሳችሁ ሞክሩ። ቀጠሮው ‹‹9 ሰዓት›› ካለ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ቋንቋና ክፍል

በባርሴሎና ካታላን፣ በቫሌንሺያም ቫሌንሺያኖ ከስፓኒሽ እኩል ሕጋዊ ቋንቋዎች ናቸው። ስፓኒሽ ተምሮ የሄደ ተማሪ ክፍል ሲገባ ትምህርቱን በካታላን ሊያገኘው ይችላል። እያንዳንዱ ኮርስ በምን ቋንቋ እንደሚሰጥ ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ።

መምህራን አብዛኛውን ጊዜ በስማቸው ይጠራሉ፤ ‹‹አንተ›› መባባልም የተለመደ ነው። በ‹‹እርስዎ›› ላደግን ሰዎች ይህ ይከብዳል፤ ብዙ አበሻ ተማሪም በአክብሮት ዝም ይላል። እዚያ ግን ዝምታ እንዳልገባው ወይም እንዳልተዘጋጀ ይቆጠራል። መምህሩ ለተማሪ የመደበው የምክር ሰዓት ስላለ ሂዱና ጠይቁ።

ሻንጣና ምግብ

ቋንጣ፣ ቅቤና አይብ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ አየር ማረፊያ ላይ ይወሰዳል። ሽሮና በርበሬ በደንብ ታሽገው ይሂዱ። ጋቢም ቦታ ይሰጠው፤ የግራናዳ ቤቶች በክረምት ከውጪው ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ።

ጾም ለሚጾሙና አሳማ ለማይበሉ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ምስር ወጥ የመሰለው የስፔን ምስር ብዙውን ጊዜ የአሳማ ቋሊማ አለበት። ‹‹ያለ ሥጋ›› ብላችሁ ብታዝዙም ዓሣ ወይም ቀጭን የአሳማ ሥጋ እንደ ሥጋ የማይቆጥር አስተናጋጅ ያጋጥማል። የማትበሉትን በስሙ ጥቀሱ። ምሳ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስለሆነ መክሰስ ያዙ።

ውክልና

በመጨረሻም ከመጓዛችሁ በፊት ለምታምኑት የቤተሰብ አባል በውልና ማስረጃ ቀርባችሁ ውክልና ስጡ። ትራንስክሪፕት ለማውጣት፣ ሰነድ ለማረጋገጥና ባንክ ለመጨረስ ከውጭ ሆኖ ውክልና መላክ ሳምንታት ይፈጃል፤ የዩኒቨርሲቲው ቀነ ገደብ ግን አይጠብቅም። ከሁሉም ሰነድ አንድ አንድ የተረጋገጠ ቅጂም ቤት አስቀምጡ።