ቃጫ

ቃጫ፦ ከእንሰት ወይም ከሲሳል ቅጠል ተፍቆ የሚወጣ ረጅምና ጠንካራ ክር። ሲሳል ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳ ተክል ነው፤ እንሰት ግን የአገር ልጅ ነው።

በጌዴኦ ዞን የምትገኘው የይርጋጨፌዋ አሪቻ ቀበሌ በውጭ ገበያ የምትታወቀው በቡናዋ ነው። በጌዴኦ ጓሮ ግን ቡናና እንሰት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ዩኔስኮም ይህን የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የእንሰት ቃጫ የቆጮ ተረፈ ምርት ነው። ሴቶች የእንሰቱን ንጣይ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል። ለስላሳው ክፍል ለቆጮ ይብላላል፤ ሳንቃው ላይ የሚቀረው ነጣ ያለ ክር ፀሐይ ላይ ይሰጣና ሲደርቅ እየታሰረ ገበያ ይወጣል። ገመድ፣ ጆንያና ምንጣፍ ይሆናል፤ የቤት ማገርም ይታሰርበታል።

ቃሉ በከተማ ሰው ጆሮ የሻካራ ነገር ስም ሆኖ ቀርቷል። ሆኖም ፊሊፒንስ የምታመርተው፣ የመርከብ ገመድ የሚሠራበት አባካ የተባለ ተክል የእንሰት የቅርብ ዘመድ ነው። የዛሬ የቤት ማስዋቢያ ሱቆችም ከዚሁ ዓይነት ክር የተሠሩ የመብራት ሽፋኖችና ቅርጫቶች ይሸጣሉ።

እንግዲህ መቀመጫው የተቀደደ፣ እግሩ ግን ጤነኛ የሆነ ወንበር ካለዎት ለቆራሌው አይስጡት። የቃጫ ገመድ ገዝተው በደንብ እየወጠሩ ይጠምጥሙበት፤ ከእርጥበት ብቻ ይጠብቁት።