ከጃማይካ የመጣ እንግዳ ፒያሳ ምን ይይ?

ካሪቢያን ለሽርሽር የሄደ ሰው ባሕርና አሸዋ ያያል። ከዚያ ወደኛ የመጣውን እንግዳ ግን የት እንውሰደው? በተለይ ራስ ተፈሪያዊ ከሆነ ከአራዳ ጊዮርጊስ ብንጀምር አይከፋውም። ተፈሪ መኮንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት እዚያ ነው። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ጃማይካ ላይ እምነት ወለደ። ንጉሡ ራሳቸው ኪንግስተን የወረዱት ግን ከ35 ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው።

አጠገቡ በፈረስ ላይ ያለው የምኒልክ ሐውልት የተመረቀው በንግሡ ዋዜማ ነው። ጣልያን ሲገባ አነሣው፤ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ጣልያን የአራዳን ገበያም ወደ መርካቶ አሻግሮብናል። «ፒያሳ» የሚለውን ስም ግን ትቶልን ሄደ፤ እኛም አልመለስንለትም!

ወረድ ስንል የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል፣ ጣይቱ። ጥር 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት እዚያ የነበረውን ጃዝ አምባን በላው።

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ተነሥቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቦታው ተመለሰ። በ2016 ዓ.ም. የፈረሰውን ዶሮ ማነቂያን ግን ማን ይመልሰዋል? በዚያው ዓመት የካቲት የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለእንግዳ ማሳየት ቀላል ነው፤ ይዞ መግባት ብቻ። ዶሮ ማነቂያ ላይ ስንደርስ ጣታችንን ቀስረን «እዚያ ጋ ነበር» እንላለን። እንግዳው ጣታችንን ያያል።