አሥር ሰከንድ የምታስታውሰው ማሽን

ጆሮ ስጡኝማ፣ ስለ አንዲት ሣጥን ላውራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ፤ አገሯም ዘመኗም የእነሱ ነው።

ስሟ ኤስፒ-1200 ይባላል። ፊቷ ላይ ስምንት መምቻ ቁልፍ፣ ከእነሱ በላይ ስምንት ተንሸራታች መቆጣጠሪያ፣ አንድ ጠባብ የጽሑፍ መስኮት አላት፤ ፍሎፒ ዲስክም ትጎርሳለች። ሳምፕለር ናት። ከሸክላ ላይ አንዲት የከበሮ ምት ወይም አንዲት የሳክስፎን ሐረግ ትሰጧታላችሁ፤ ትይዛለች። ቁልፏን ስትመቱ ትመልሳለች፤ ስትፈልጉ በቀጭኑ፣ ስትፈልጉ በወፍራሙ። የምታስታውሰው ግን በጠቅላላው አሥር ሰከንድ ነው። ያውም አንዱ ቅንጣቢ ከሁለት ሰከንድ ተኩል መብለጥ የለበትም። የእኛ ሰው "እንዴት ዋልክ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው" ብሎ ሳይጨርስ እሷ ሞልታ ታርፈዋለች።

ነገሩን ከሥሩ ልያዘው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሳንታ ክሩዝ አካባቢ፣ ዴቭ ሮሰምና ስኮት ዌጅ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኢ-ሙ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሲንተሳይዘር ይሠሩ ነበር። ዳጎስ ያለው ገቢያቸው ግን ንድፋቸውን ከተጠቀመ ሌላ አምራች የሚመጣላቸው ክፍያ ነበር፤ በ1980 እሱ ቀረባቸው። በዚያው ዓመት አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ከአውስትራሊያ የመጣውን ፌርላይት አዩ። ድምፅ እየቀዳ በኪቦርድ የሚያጫውት ኮምፒውተር ነው፤ ዋጋው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። "ይህንን በርካሽ እንሥራው" ተባባሉ። በ1981 ኢሙሌተር የሚሉት ማሽን ወጣ። ተከታታይ ቁጥሩ 001 የሆነው የደረሰው ለስቲቪ ወንደር ነው። ኢሙሌተርም ቢሆን የሀብታም ዕቃ ነበር። በ1985 ኤስፒ-12፣ በ1987 ደግሞ የእኛዋ ሣጥን ተከተሉ።

ሣጥኗ ኒው ዮርክ ስትገባ ታሪኳ ሌላ ሆነ። አሥር ሰከንድ አልበቃ ያላቸው የሂፕ ሆፕ ልጆች አንድ ዘዴ አገኙ። በ33 ፍጥነት የሚዞረውን ሸክላ በ45 ያዞሩታል፤ ዜማው ሮጦ ያልፋል፣ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ከዚያ ማሽኗ ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል። ቦታ ለመቆጠብ የተጀመረው ነገር ግን ሌላ ሲሳይ ይዞ መጣ። ማሽኗ በ12 ቢት፣ በሰከንድ 26,040 ጊዜ ነው ድምፅ የምትለካው፤ ሲዲ በ16 ቢት 44,100 ጊዜ ይለካል። በዚያ ላይ ድምፁን ስታዘገይ የጎደለውን ለማለስለስ አትደክምም። ስለዚህ የሚወጣው ከበሮ ሻከር፣ ጎርነን፣ ወፈር ይላል። መሐንዲስ ጉድለት የሚለውን እንደ ፒት ሮክና ላርጅ ፕሮፌሰር ያሉ የሂፕ ሆፕ አቀናባሪዎች ወደዱት፤ የ1990ዎቹ መጀመሪያ የኒው ዮርክ ሙዚቃ ቀለም ሆኖ ቀረ።

በነገራችን ላይ የእኛም ሸክላ ከዚህ የመቆራረጥ ጥበብ አላመለጠም። የሙላቱ አስታጥቄ "የግሌ ትዝታ" በ2010 ራፐሩ ናስና የሬጌው ዳሚያን ማርሌይ ባወጡት "አስ ዊ ኤንተር" ውስጥ ተቆርጦ ገብቷል። ዘፈኑን ሰምታችሁ "ይኼን የት ነው የማውቀው?" ያላችሁ ካላችሁ፣ መልሱ ይኸው።

ወደ ሣጥኗ ልመለስ። ዛሬ ወደ አርባ ዓመቷ እየተጠጋች ነው። ስታበሯት "እምምም" ትላለች። አንዳንዴ ጽሑፉ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ዘፈን መሃል ላይ ድርቅ ትላለች። ባለቤቱ አርጅታለች ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ጥፋተኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጣት ጫፍ የምታክል፣ ዋጋዋ ከአንድ ዶላር የማይዘል ዕቃ ናት፦ ካፓሲተር። የድሮ ሬድዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር ይሏታል።

ሥራዋ የሮቶ ሥራ ነው። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሮቶው ይሞላል፤ እናንተ ግን ቧንቧ በከፈታችሁ ቁጥር እኩል ይወርድላችኋል። ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይነሣል ይወድቃል፤ ቺፖቹ ደግሞ የማይነቃነቅ 5 ቮልት ካላገኙ ይደነብራሉ። የመሃሉን ጉድለት የምትሞላው ካፓሲተሯ ናት። ውስጧ በፈሳሽ የራሰ ወረቀት ከአሉሚንየም ቅጠል ጋር ተጠቅልሏል፤ አፏ በጎማ ተዘግቷል። ሙቀትና ዕድሜ ተባብረው ፈሳሹን በጎማው ሥር ያተኑታል። ስትደርቅ የመያዝ አቅሟ ይወርዳል፤ ያ የኤሌክትሪክ መውጣት መውረድ በቀጥታ ወደ ድምፅ ማጉያው ያልፋል። ያ "እምምም" እሱ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሰከንድ 120 ጊዜ፣ እኛ አገር 100 ጊዜ የሚመታ።

ስለ ዕድሜዋ አንድ ስሌት ልንገራችሁ፣ ጠጋኞች በቃላቸው ይዘውታል። ካፓሲተሯ ላይ 105 ዲግሪ፣ 2,000 ሰዓት ተብሎ የተጻፈላት እንደሆነ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜዋ እጥፍ ይሆናል። በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ ሌት ተቀን ቢበራ አራት ዓመት የማይሞላ። ስለዚህ ስቱዲዮ ውስጥ ትራንስፎርመር ጎን ተቀምጣ ስትጋገር የኖረች ካፓሲተር ከጓደኞቿ ቀድማ ብትሞት አይፈረድባትም።

እናላችሁ ማሽኗ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ ወጣች። ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ "ሁሉንም ነቅለህ በአዲስ ተካልኝ፣ ገንዘቡ ችግር የለም" ይላል። ደህና ጠጋኝ ከሆነ "ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንያት" ነው የሚለው። ገመዷን ይነቅላል፤ ትላልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል። ሽፋኗን ከፍቶ በዓይኑ ይዞርባታል፦ ያበጠ አናት፣ ከሥር የወዛ ፈሳሽ፣ የጠቆረ ቦርድ። የዚያን ዘመን ዕቃ ሲሆን ገመዱ የሚገባበትን አካባቢ አተኩሮ ያያል። እዚያ ብዙ ጊዜ ቢጫ ሽፋን የለበሰ የወረቀት ካፓሲተር ይኖራል። ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይስባል፣ አንድ ቀን ሲሰኩት ጧ! ብሎ ቤቱን በሚከረፋ ጭስ ይሞላዋል። የሚገርመው ማሽኑ እያጨሰም ሊሠራ ይችላል።

ከዚያ መልቲሜትሩን ያወጣል። 5 ቮልቱ 5 ነው? ወይስ 4.6? ቁጥሩ ደህና ቢሆን እንኳ ኦሲሎስኮፕ ላይ ሲያየው መስመሩ ይንቀጠቀጣል? እዚህ ጋ የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት የአንድ ቀን ልፋት ያድነዋል።

አሁን ጠጋ በሉና ነቀላውን እዩ። መበየጃው ወደ 350 ዲግሪ ግሏል። ጠጋኙ በአሮጌው ብየዳ ላይ ጥቂት አዲስ እርሳስ ይጨምርበታል። ምነው ሊያነሣው አይደል እንዴ? አዎ፣ ግን የአርባ ዓመት ብየዳ ብቻውን በቶሎ አይቀልጥም፤ አዲሱ ሲቀላቀለው ይለሰልሳል። ከዚያ የመዳብ ሹሩባ ያስጠጋል፤ ሹሩባው ቀልጦ የቆመውን ይመጠዋል። የካፓሲተሯን እግር በመቆንጠጫ ነካ ያደርጋል። ከተነቃነቀች ትወጣለች። ካልተነቃነቀች አይጎትታትም፤ እንደገና ያሞቃል። በጉልበት የሳባት እንደሆነ ቦርዱ ላይ የተለጠፈው የመዳብ ቀለበት አብሯት ይነሣል፤ ያን ጊዜ የአንድ ዶላር ሥራ የሽቦ ልጥፍ ሥራ ይሆናል። ማሽን ከእርጅናዋ ይልቅ በችኩል ጠጋኝ እጅ ትሞታለች።

አዲሷ ስትገባ መጠኗ ያው፣ የምትችለው ቮልት ያው ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቷ 105 መሆን አለበት። ጎኗ ላይ የተሰመረው መስመር ኔጋቲቭ እግሯን ያሳያል። ተገልብጣ ከተበየደች ፈንድታ ነው የምትነግራችሁ። ትንሽ ዘግይተው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ሌሎች ሳምፕለሮች ላይ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ካፓሲተሮች አሉ፤ እነሱ ሲያፈሱ መዳቡን ይበላሉ። መበየጃው ሲነካቸው የዓሣ ሽታ ይሸታል። ሽታው ከመጣ መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ቦርዱ መታጠብ አለበት።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ተንሸራታቾቹ አቧራ ይጠጣሉ፤ ይጸዳሉ። የፍሎፒ ማንበቢያው ያረጃል፤ በእሱ ቦታ ፍላሽ የሚቀበል ምትክ ይገጠማል። ይህን የሚቃወሙ አሉ፤ እኔ ግን ፍሎፒ ናፈቀኝ የሚል ሰው ፍሎፒ ተጠቅሞ አያውቅም እላለሁ።

ከባዱ ቺፑ ጋ ነው። ማሽኗ ስምንት የድምፅ መውጫ አላት። 1 እና 2 በኤስኤስኤም2044 ቺፕ ውስጥ ያልፋሉ፤ የድምፁን ስል ጫፍ እየገራ የሚያወፍረው እሱ ነው። ከ3 እስከ 6 ቋሚ ማጣሪያ አላቸው፤ 7 እና 8 ምንም ሳይጣሩ ጥሬውን ይወጣሉ። ድሮ ባሱን 1 ላይ፣ ሲምባሉን 8 ላይ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ታዲያ ይህ ቺፕ መመረት ካቆመ ዘመን ተቆጥሯል። ማሽኗም በ1998 ምርቷ ቆሟል። 1 ቁጥር ዝም ካለ ጠጋኙ ቺፖቹ ሶኬት ላይ ከሆኑ የ1ን ከ2 ጋር ያለዋውጣል። ዝምታው ወደ 2 ከሄደ ጥፋቱ የቺፑ ነው፤ እዚያው 1 ላይ ከቀረ ቺፑ ንጹሕ ነው፣ ዙሪያውን ይፈትሽ። ይህን ሳያደርግ "ቺፑ ሞቷል" የሚላችሁን አትመኑት።

ምክንያቱም እዚህ ላይ ገንዘብ አለ። የድሮው ቺፕ ሲወደድ ሌላ ቺፕ ላይ ቁጥሩን ፍቀው ስሙን የሚጽፉበት ሞሉ። ደግነቱ በ2017 የዚያው ንድፍ ልጅ የሆነው ኤስኤስአይ2144 ገበያ ወጥቷል፤ ትንሽ አስማሚ ቦርድ እየተሠራለት በአሮጌው ቦታ ይገባል። የኢ-ሙው ሮሰምም ራሱ በ2021 ኤስፒ-1200ን እንደ አዲስ ሠርቶ ሸጧታል። ቢሆንም የሚሠራ ኦሪጅናል ቺፕ ያለበት ማሽን ከያዛችሁ ማንም "ላሻሽልላችሁ" ብሎ እንዳይነካባችሁ። የመብራቱ ክፍል ካፓሲተሮች ይቀየሩ፣ ግድ ነው። ድምፁ የሚያልፍበት መንገድ ግን ተለክቶ ጥፋት ካልተገኘበት ይተው፤ ሰው እዚያ ውስጥ የሚፈልገው ያንኑ ሻካራ ድምፅ ነው።

ቴሌቪዥን ወይም መኪና አስጠግናችሁ ደህናው ዕቃ ወጥቶ አሮጌ የተገጠመላችሁ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ አሮጌ ሳምፕለር፣ ኪቦርድ ወይም ሬድዮ ለጥገና ስትሰጡ አስቀድማችሁ ውስጡን ፎቶ አንሡ፤ በ110 ወይም በ220 እንደሚሠራ ለጠጋኙ ንገሩት፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የወጣውን ዕቃ ሁሉ፣ ካፓሲተሩንም ቺፑንም፣ በላስቲክ አድርጎ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ። አልመልስም ካለ ማሽናችሁን ይዛችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።